ሳይጨብጡ ማንሳት፦ የዱር እባብን ሳይነክስም ሳይጎዳም ስለ ማራቅ

በጅማ ለቡና ገበሬዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር በጽሑፍ

እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እባብ ነው፤ ቤት ስለገባ፣ ቡና ሥር ስለተጋደመ፣ በችግኝ ጣቢያ መረብ ስለተጠላለፈ፣ ገና በሕይወት ስላለ እባብ። ጥያቄው እናንተም ሳትነከሱ፣ እሱም ሳይሰበር እንዴት ይራቅ የሚል ነው። በእርጋታ መያዝ ሲባል ብዙ ሰው ለእባቡ የሚደረግ ርኅራኄ ብቻ ይመስለዋል። ርኅራኄውን እንወደዋለን፤ እርጋታ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሰውየውን ነው። እባብ የሚነድፈው ሲረገጥ፣ ሲጨበጥ ወይም መውጫ ሲያጣ ነው። እነዚህን ሦስቱን ካስቀረን አብዛኛውን ንክሻ አስቀረነው ማለት ነው።

«የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ቂም ይይዛል፣ ባልንጀራው ሲገደል ዱካ ተከትሎ ይበቀላል የሚል እምነትም አለ። ይህ ሁሉ እባቡን ከመነሻው እንደ ባላጋራ እንድናየው ያደርገናል። ባላጋራ ያየ ሰው ዱላ ያነሳል፤ ዱላ ያነሳ ሰው ወደ እባቡ ይጠጋል፤ የተጠጋ ይነደፋል። ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲል የሚነደፈው ሰው ጥቂት አይደለም። ሰው የእባብ ምግብ አይደለም። መርዙ አይጥና እንቁራሪት የሚያድንበት መሣሪያው ነው፤ በማይበላው ነገር ላይ ባፈሰሰው ቁጥር ለአደን የሚፈልገውን ያባክናል። ስለዚህ አብዛኛው እባብ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይደበቃል፤ ካልሆነ ይሸሻል፤ መሸሻ ሲያጣ ይነፋል፣ ያፏጫል፣ ኮብራ ከሆነም አንገቱን ያሰፋል፤ ይህም ካልሠራለት ይነድፋል። እየነፋ ያለ እባብ እያስጠነቀቀ ነው። ያን ጊዜ ባላችሁበት ቁሙ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ከዚህ ቅደም ተከተል ወጣ የሚለው እፉኝት ነው። አጭርና ወፍራም ነው፤ የደረቀ ቅጠል ላይ ሲተኛ ዓይን አይለየውም። መልኩን ስለሚተማመን ሰው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ አይነቃነቅም። ሰዎች ሳያዩት የሚረግጡት ለዚህ ነው። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ስለሆነ ሰነፍ ይመስላል፤ ሲነድፍ ግን ዓይን አይከተለውም፣ ወደ ጎንም ይወነጨፋል።

እባብ ምን ይሰማዋል? የውጭ ጆሮ የለውም፤ ነገር ግን የመሬቱን ንዝረት በታችኛው መንጋጋው አድርጎ ወደ ውስጥ ጆሮው ያደርሳል። ጩኸታችሁ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ኮቴያችሁ ግን ይደርሰዋል። ዓይኑ እንቅስቃሴን ቶሎ ይይዛል፤ እጅ ሲወዛወዝ፣ ነጠላ ሲርገበገብ ወደዚያ ይዞራል። ምላሱ ሽታ ለቅሞ ላንቃው ላይ ላለ የማሽተቻ አካል ያቀብላል። ዶሮ ሲበልት ወይም የሞተ አይጥ ሲያነሳ የቆየ እጅ ለእባብ ምግብ ምግብ ይሸታል፤ መርዝ የሌለው የቤት እባብ እንኳ በዚህ ምክንያት ሊነክስ ይችላል።

ርቀትን በተመለከተ፣ እባብ በአንድ ጊዜ የሚወነጨፈው ብዙውን ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሜትር የሆነ እባብ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ነገር ግን ተጠቅልሎ የተኛ እባብ ርዝመቱ አይታወቅም፤ ሰውም ሲደነግጥ ርቀት መገመት ያቅተዋል። ስለዚህ ሂሳብ ውስጥ ሳትገቡ ሦስት ሜትር ራቁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማለዳው ይቀዘቅዛል፤ እባብ ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ጠዋት ፈዝዞ የተገኘ እባብ ለማዳ ሆኖ አይደለም። መሸሽ ስላልቻለ ቆሟል፤ መሸሽ ያልቻለ ደግሞ ለመንደፍ ይቀርባል። ፀሐይ እስኪሞቀው ብትተዉት አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

አሁን ወደ መለየቱ እንምጣ። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው፤ ሞላላ ከሆነ አይደለም» የሚለውን ከአእምሯችሁ አውጡት። የኮብራ ጭንቅላት ከአንገቱ እምብዛም ያልተለየ፣ ለስላሳ ነው፤ መርዙ ግን ይገድላል። በተቃራኒው እንቁላል በሊው እባብ መርዝም የለው፣ ጥርሱም ከቁጥር አይገባም፤ ሲደነግጥ ግን ሻካራ ቅርፊቱን እርስ በርስ እያፋተገ የእፉኝት ድምፅ ያወጣል፣ ጭንቅላቱንም ጠፍጠፍ አድርጎ ሦስት ማዕዘን ያስመስላል። ቀለምም አያስተማምንም። አረንጓዴ ሆነው የዛፍ ላይ ኑሮ ካላቸው እባቦች ውስጥ ምንም የማያደርጉ አሉ፤ ቡምስላንግ የሚባለው ትልቅ ዓይን ያለው የዛፍ እባብም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቡምስላንግ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ምልክቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል የተነከሰው ሰው ዳንኩ ብሎ ይዘናጋል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተለይ ልታስቧቸው የሚገቡ ጥቂቶች አሉ። የመጀመሪያው ከላይ ያነሳነው እፉኝት ነው፤ በጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት ተደርድሮበት ይታያል። ሁለተኛው የተራራ እፉኝት ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ይባላል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ለሳይንስ የታወቀውም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመቱና በበደሌ መካከል ከተገኘ ናሙና ነው። ጥቁርና ቢጫ አረንጓዴ ጥለቱን ያየ ሰው መልኩን አይረሳውም፤ እንዲህ ያለ ፍጥረት የእኛ ደንና የእኛ ቡና ጥላ ብቻ ይዞት መቅረቱ የሚያኮራ ነገር ነው። ሦስተኛው የደን ኮብራ ነው፤ ከሁለት ሜትር ሊበልጥ ይችላል፣ ፈጣን ነው፣ ዛፍም ውሃም አያግደውም። መርዝ የሚተፉት ኮብራዎች ሌሎች ናቸው፤ በአገራችን ሞቃታማ ቆላ ይገኛሉ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ወደ ዓይን ይተፋሉ። ወደ ቆላ ለሥራ የምትወርዱ የዓይን መከላከያ መነጽር ያዙ።

አንዱን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። አትራክታስፒስ የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ መሬት ውስጥ የሚኖር፣ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ቀጭን እባብ አለ። አፉን ሳይከፍት የመርዝ ጥርሱን በከንፈሩ ጎን ያወጣና ወደ ኋላ ይወጋል። ስለዚህ «ከጭንቅላቱ ኋላ ከያዝኩት ምን ያመጣል» ያለ ሰው ይህን እባብ በያዘበት ቅጽበት ተወጋ ማለት ነው። ለእሱ ደህና አያያዝ የለም። ጠቆር ያለ የቤት እባብ መስሏቸው ሲያነሱት የተወጉ ብዙ ናቸው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ በእርግጠኝነት የማታውቁት እባብ ሁሉ መርዛም ነው፤ እጅ አይነካውም።

ወደ ቤት እንግባ። እባብ ቤት የሚገባው አይጥ ተከትሎ ነው፤ ከጎተራው፣ ከጆንያ ክምሩ፣ ከዶሮው ማደሪያ ሥር። ባያችሁት ጊዜ ሕፃናቱን፣ ውሻውንና ድመቱን አስወጡ። አንድ ሰው ሦስት ሜትር ርቆ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀው፤ ያልታየ እባብ ከሚታየው ይልቅ ያስቸግራልና። ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚያስገቡትን በሮች ዝጉና ከሥራቸው ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወትፉ። ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር ክፈቱ። እባቡ በበሩ አካባቢ ከሆነ ከዚህ በላይ ምንም አታድርጉ፤ ዝም ካላችሁና መንገዱን ከለቀቃችሁለት መውጣቱ አይቀርም። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ግን ይህ ነው።

በሩ ሩቅ ከሆነ የባልዲ ዘዴ አለ። 20 ሊትር የሚይዝ፣ የሚገጥም ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ፈልጉ፤ የቀለም ሽታው እስኪለቅ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ክዳኑ ላይ ስምንት አሥር ቀዳዳ አውጡ፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሚስማሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ምቱት፤ ከውጭ ከመታችሁት ሹሉ የፕላስቲክ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይቀራል፣ እባቡ አፍንጫውን ሲገፋበት ይቆስላል። ባልዲውን በጎኑ አስተኙ፣ ግድግዳውን አስጠጉት፣ አፉ ወደ እባቡ ይሁን። ግድግዳ ጥግ የሚባለው በምክንያት ነው፤ እባብ ሜዳውን አቋርጦ ከመሄድ ጥግ ጥጉን መሄድ ይመርጣል። እንዳይንከባለል በግራ በቀኙ ድንጋይ ወይም ጡብ አድርጉለት። ነጭ ባልዲ ከሆነ ብርሃን ስለሚያስገባ ጉድጓድ አይመስለውም፤ ጋቢ ወይም ጥቁር ጨርቅ ከላይ ጣሉበት። ይህቺ ጨርቅ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የባልዲው ዘዴ የማይሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሷ ስትረሳ ነው።

ከዚያ እጀታው 1.5 ሜትር ያህል የሆነ ለስላሳ መጥረጊያ የያዘ ሰው ከጅራቱ በኩል ይምጣ። አይምታ፣ አይጫን፤ መጥረጊያውን ከእባቡ ኋላ መሬት ላይ ያስቀምጥና ትንሽ ያንቀሳቅሰው። እባቡ ወደ ጨለማው ይሄዳል። ቸኩላችሁ ከገፋችሁት ይዞርና መጥረጊያው ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መጥረጊያውን መሬት ላይ ተዉትና ራቁ፣ አታራግፉት። ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ መጥረጊያውን ባልዲው አፍ ላይ ግጠሙ፤ ባልዲውን ከታች በኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አቁሙት። እባቡ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ክዳኑን አንዱ ሰው ከጎን አንሸራትቶ ያስገባ፤ ሌላው መጥረጊያውን ያውጣ። እጅ፣ ክንድ፣ ፊት ከባልዲው አፍ በላይ አይለፍ። ገብቷል ወይ ብሎ ጎንበስ ማለት የሚያስነድፈው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን በእንጨት ተጭናችሁ አጥብቁ፣ በፕላስተር እሰሩ፣ በላዩ «እባብ» ብላችሁ ጻፉ። በጥላ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ የተተወ የተዘጋ ባልዲ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እባቡን ይገድለዋል፤ ላብ አውጥቶ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልምና።

እፉኝት በመጥረጊያ አይነዳም። ይነፋል እንጂ አይሄድም። እሱን ካገኛችሁ ጠባቂ አቁሙና የሠለጠነ ሰው ጥሩ። ኮብራ አንገቱን ካነሳም እንዲሁ፤ መጥረጊያውን አስቀምጡ፣ ሁሉም ይውጣ፣ በሩ ይከፈት።

የሠለጠነው ሰው የሚጠቀምበት መንጠቆ ከአንድ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ይረዝማል። ጫፉ ሹል አይደለም፤ ዙሪያው የተድበለበለ፣ ወደ ላይ የታጠፈ ለስላሳ ብረት ነው። ሥራው መደገፍ ነው። ለወፍራም እባብ መንጠቆው ከሆዱ ሥር ወደ መካከሉ ይገባል፤ ሁለት መንጠቆ ቢሆን ይመረጣል፣ ክብደቱ ይከፋፈላልና። ከመሬት የሚነሳው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ባልዲው ከጎን ዝግጁ መሆን አለበት፣ ተይዞ አይዞርም። ሚዛኑን የጠበቀ መንጠቆ ላይ ያለ እፉኝት ብዙ ጊዜ አይታገልም፤ መውደቁን ስለሚፈራ ራሱን ይይዛል። ቀጭንና ፈጣን እባብ ግን መንጠቆውን ተከትሎ ወደ እጅ ይመጣል። ለእሱ መንጠቆ አይሆንም። በጉጠት የሚሠሩም አሉ፤ ጉጠት ያለ ልክ ከተጨመቀ የጎን አጥንት ይሰብራል፣ ሕመሙም እባቡን ያስቆጣዋል። ከተጠቀማችሁ አካሉ መሃል ላይ፣ እንዳያመልጥ ያህል ብቻ ያዙ፤ አንገት አይያዝም።

ስለ አንገት መያዝ ጠንከር ብለን እንናገራለን፤ በቪዲዮ የሚታየው እሱ ስለሆነ ወጣቶች የጉብዝና መለኪያ ያደርጉታል። በእንጨት ጭንቅላቱን ተጭኖ በሁለት ጣት ከመንጋጋው ኋላ መያዝ ማለት ነው። እጃችሁን ወደ ጥርሱ እጅግ አቅርባችሁ ታስገባላችሁ። የተጫነ እባብ ሊገድሉት እንደሆነ አድርጎ ስለሚወስደው ባለ በሌለ ኃይሉ ይጠማዘዛል፤ የአንገቱ አጥንትም ይጎዳል። የእፉኝት የመርዝ ጥርስ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን የራሱን የታችኛውን መንጋጋ ወግቶ ከሥር ያለውን ጣት ሊያገኝ ይችላል። አትራክታስፒስን አስቀድመን አንስተናል። ደግሞም የያዘ ሰው መልቀቅ አለበት፤ ከመያዙ ይልቅ የሚያስነድፈው መልቀቁ ነው። የቆዳ ጓንትም አያድንም። ያ ጥርስ ተራ ቆዳን ያልፋል፤ ጓንቱ የእጅን ስሜት ስለሚያጠፋ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨብጣል።

መርዝ እንደሌለው በእርግጥ የሚታወቀውን፣ ለምሳሌ አንድ ባለሙያ የለየላችሁን ቡናማ የቤት እባብ ወይም የአትክልት ቦታ ቀንድ አውጣ በሊውን ትንሹን እባብ፣ በእጅ ማንሳት ይቻላል። እጃችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ከላይ አትምጡበት። ጭልፊትም፣ ሌላም አዳኝ የሚመጣበት ከላይ ስለሆነ ከላይ የወረደ እጅ ለእባብ ሞት ነው። ከጎን፣ ዝቅ ብላችሁ፣ መሬቱን እየዳሰሳችሁ ቅረቡና ጣቶቻችሁን ከሆዱ ሥር አስገቡ፤ አንድ እጅ ከፊት ሲሶው ላይ፣ አንድ እጅ ከኋላ ሲሶው ላይ። አትጨብጡ፤ መዳፋችሁን ክፈቱና ይሂድበት። ከፊተኛው እጅ ሲያልቅ የኋላውን አምጥታችሁ ከፊት ደርቡለት፤ እንዲህ እያደረጋችሁ መንገድ ስጡት። የሚሄድበት እስካለው ድረስ ለመንከስ አይዞርም። ከፊታችሁ አርቁት። በጅራቱ ብቻ አታንሱት፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ አከርካሪው ላይ ይንጠለጠልና መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ጅራቱ ላይ ያለው ሕመምም ወደ ኋላ ዞሮ እንዲነክስ ያደርገዋል። ዓይኑ ወተት ፈሶበት እንደሆነ ያህል የደፈረሰ ከሆነ ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ በደንብ ስለማያይ ይደነግጣልና ተዉት። ሆዱ ያበጠ ከሆነም በልቷል፤ ከተነካካ የበላውን ይተፋል፣ በዚያም ይዳከማል።

እንዲህ ያለው ቢነክሳችሁስ? እጃችሁን መንጭቃችሁ አታውጡ። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ሲመነጨቅ ሥጋ ይቀዳል፤ የእባቡም ጥርስ ቁስሉ ውስጥ ይሰበራል። አካሉን መሬት አስነኩት፣ ዝም በሉ፤ ይለቃል። በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ የቴታነስ ክትባታችሁንም አስታውሱ።

መረብ ለብቻው ችግር ነው፤ የችግኝ ጣቢያ ጥላ መረብም፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ መረብም እባብ ይይዛል። እባቡ ቀዳዳው ውስጥ ግማሹን ያስገባና ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ ቅርፊቱ ወደ ኋላ ስለተኛ ክሩ ከሥሩ ይገባል። አትጎትቱት። መርዛም ወይም ያልታወቀ ከሆነ ራቁና የሠለጠነ ሰው ጥሩ፤ የእናንተ ሥራ እዚህ ያበቃል። የታወቀ መርዝ የሌለው ከሆነ የተያዘውን መረብ ከዙሪያው ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ከነመረቡ ወደ ባልዲ አስገቡት። ከዚያ ጭንቅላቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨለማው ያረጋጋዋል። ጫፉ ደብዘዝ ያለ ትንሽ መቀስ ተጠቀሙ፤ ከጅራቱ በኩል ጀምራችሁ ወደ ጭንቅላቱ፣ አንድ አንድ ክር። ቅርፊቱ ሥር የተደበቀች አንዲት ክር ከቀረች እባቡ ሲያድግ ታንቀዋለች፤ ስለዚህ በጣት ጫፍ ዙሪያውን ዳሱት። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ልቅ መረብ ብዙ እባብ ይይዛል፤ በደንብ የተወጠረና ጫፉ መሬት ላይ ያልተዝረከረከ ብዙም አይይዝም።

ስትለቁት ሩቅ አትውሰዱት። «ወደ በለጠ ጌራ ደን ወስደን እንልቀቀው» የሚል ቅን ሐሳብ ይሰማል። እባብ መደበቂያውንና ማደኛውን የሚያውቅ ፍጡር ነው፤ ከማያውቀው ቦታ ሲጣል ብዙ ይንከራተታል፣ በመንከራተቱም ይሞታል። ከቤት ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ፣ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ ካብ ያለበት፣ የሰው መተላለፊያ ያልሆነ ቦታ ይበቃል። ባልዲውን በጎኑ አስተኙ፣ አፉ ከእናንተ ወደ ውጭ ይሁን፤ ክዳኑን በረዥም እንጨት ከኋላ ሆናችሁ ግፉና ሂዱ። መቼ እንደሚወጣ እሱ ይወስናል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት በሕግ እንደማይፈቀድም አስታውሱ፤ ባልዲው ውስጥ የሚያድርበት ምክንያት የለም።

አሁን ሁሉም ነገር ቢደረግም ሰው ቢነደፍስ? የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ምክንያት ይሞታል። ብዙውን የሚገድለው መዘግየት ነው። ከእባቡ ራቁ፤ አትግደሉት፣ አትያዙት። የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ለሰዓታት ሊነክስ ይችላል። ከርቀት ፎቶ ማንሳት ከተቻለ መልካም፤ ካልተቻለ ይቅር። የተነደፈው ሰው ይተኛ፣ አይራመድ፤ ጡንቻ በሠራ ቁጥር መርዙ ይሠራጫል። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጠባብ ጫማ ወዲያው ይውለቅ፤ እብጠቱ ከመጣ በኋላ አይወጣም። እግሩን ወይም እጁን እንደተሰበረ አጥንት በእንጨትና በጨርቅ ደግፉ፤ ጨርቁ አያጥብቅ። የተነደፈበትን ሰዓት ጻፉ። ካስመለሰው ወይም ራሱን እየሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት።

ገመድ አትሰሩ። የእፉኝት መርዝ ሥጋ ያበሰብሳል፤ በገመድ ከታሰረ መርዙ እዚያው ተከማችቶ የደም ዝውውር ያጣው እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ መርዝ ይመጥጣል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ፣ ላምባ፣ ኤሌክትሪክ፣ በረዶ አታድርጉ፣ አረቄ አታጠጡ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አይሰጡ። መርዝ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በተገኘው፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል። በሞተር ከሆነ የተነደፈው መካከል ይሁን፣ ከኋላው የሚደግፈው ሰው ይቀመጥ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለት ነገር እንጨምር። የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መለወጥ የነርቭ መርዝ ምልክቶች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚደክመው መተንፈሻ ነውና መተንፈስን ማገዝ ወደሚችል ተቋም ሳትውሉ ሳታድሩ ላኩ። የደም መርጋትን ለማየት ላቦራቶሪ ባይኖርም፣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ንጹሕና ደረቅ በሆነ የብርጭቆ ቱቦ አድርጎ 20 ደቂቃ ሳያነቃንቁ ማቆየት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ማድረግ ነው። ፈሳሽ ሆኖ ከፈሰሰ ደሙ መርጋት አቁሟል። የፕላስቲክ ቱቦ ውጤቱን ያበላሻል። ፀረ መርዙ ከባድ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል የሚሰጠው አድሬናሊን ባለበት ነው፤ የሕፃን መጠንም እንደ አዋቂው ነው፣ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዝ አይቀንስምና።

ለቀማው ሊደርስ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ሁላችሁም ቡና ሥር ትሆናላችሁ፤ ቅጠሉ የረገፈበት፣ እጅ ሳያዩ የሚገባበት ጊዜ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ቦት ጫማና ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሱ። ከመሬት የወደቀ ፍሬ ከመልቀማችሁ በፊት ቅጠሉን በዱላ ገለጥ አድርጉ። ጆንያ ስታነሱ የራቀውን ጠርዝ ወደ እናንተ ሳቡት፤ ከሥሩ ያለ እባብ መውጫው በወዲያኛው በኩል ይሆናል። ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ። በየመንደሩ አንድ ባልዲ፣ አንድ ረዥም መጥረጊያና አንድ ጥቁር ጨርቅ ሁሉም በሚያውቀው ቤት ይቀመጥ። ልምምዱን በእባብ አትጀምሩ፤ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የውሃ ጎማ ቁራጭ በቂ ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከግድግዳ ጥግ ወደ ባልዲው አስገቡት፣ ባልዲውን አቁሙ፣ ክዳኑን ግጠሙ፤ አንድም ጊዜ እጃችሁ ከባልዲው አፍ በላይ ሳያልፍ እስክትጨርሱት ድረስ ደጋግሙት።